ማስመስከሪያው የት ነው?

በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ እህቴ ደወለችና «ይቺን ልጅ ምከርልኝ» አለችኝ።

ልጅ የተባለችው የእህቴ ሁለተኛ ልጅ ናት። በፊዚክስ የመጀመሪያ ዲግሪዋን ይዛለች። የአንድ ባንክ ፈተና አልፋ «ሥራ ጀምሪ» ተብላለች። እሷ ግን «ባንኩ ይቅርብኝ፤ ማስተርስ እማራለሁ፤ የምማረውም ኳንተም ኦፕቲክስ ነው» ብላ ቤቱን አተራምሳዋለች።

«ምንድነው እሱ ደግሞ? እንጀራ ይሆናል?» አለች እህቴ።

መቼም በቤተሰብ መካከል ስለ አንድ ነገር ትንሽ የሚያውቅ ሰው ሊቅ ይባላል። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ያን ጊዜ በመምህርነት ሃያ ስምንት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ስለዚህ የፊዚክስ ነገር ሲነሣ ዳኛው እኔ ነኝ። ልጅቷን ፒያሳ ወሰድኩና ማኪያቶ ጋብዤ ፍርዴን ሰጠሁ፤ «ባንኩን ያዢ። ፊዚክስ የትም አይሄድም፤ ሥራ ግን ካመለጠ አመለጠ ነው።»

ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ «ጋሼ፣ አንተስ ለምን ተውከው?» አለችኝ።

«ጊዜው አልነበረም» አልኳት። ይህን መልስ ለብዙ ሰው ሰጥቼዋለሁ። «የምኑ ጊዜ?» ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም። እሷም አልጠየቀችኝም። ከቦርሳዋ በሽቦ የተጠረዘ ፎቶ ኮፒ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ጋይንት ልትሄድ አይደል? መንገድ ላይ አንብበው። አንብበህ ስትመጣም ያንኑ ከደገምክልኝ፣ እሺ፣ ባንክ እገባለሁ።»

ጋይንት የምሄደው ለአጎቴ ሙት ዓመት ነበር።

* * *

መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፤ «ፈንዳሜንታልስ ኦቭ ኳንተም ኦፕቲክስ» ይባላል። «የኳንተም ኦፕቲክስ መሠረቶች» ብንለው ያስኬዳል። ጸሐፊው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ክፍል ሲያስተምሩና ሲመራመሩ የኖሩት ፍስሐ ካሳሁን ናቸው። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው፣ ደራሲው ራሱ አሰናድቶ በሚያሳትምበት ሉሉ በተባለ የአሜሪካ ማተሚያ በኩል ነው። እኔ እሳቸው ክፍል ተቀምጬ አላውቅም፤ የማውቃቸው በጽሑፋቸው ብቻ ነው። በእጄ የያዝኩት ቅጂ ከስንት ቅጂ እንደተቀዳ እግዜር ይወቀው። በየገጹ ኅዳግ ላይ የማላውቃቸው ሰዎች በእርሳስ የጫሩት ማስታወሻ አብሮ ተባዝቷል። አንዱ «ይህ ከየት መጣ?» ብሎ ጽፏል። ሌላው ከሥሩ «ገጽ 12ን እይ» ብሎ መልሶለታል።

አውቶቡሱ የዓባይን በረሃ ሲወርድ መግቢያውን ጨረስኩ። ባሕር ዳር አድሬ በማግሥቱ ወረታን አልፈን ወደ ደብረ ታቦር ስንወጣ፣ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ትንሽ ከቀረው እንቅልፍ እንደነቃ ሰው እያዛጋሁ ቀመሮቹን አንድ በአንድ ማስታወስ ጀመርኩ።

ነገሩን ለአንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። እ.ኤ.አ. በ1900 ማክስ ፕላንክ የተባለው ጀርመናዊ፣ ኃይል እንደ ውኃ ሳይቋረጥ የሚፈስ ሳይሆን እንደ እህል በቁና እየተሰፈረ የሚሰጥና የሚወሰድ ነው አለ። አንስታይን በ1905 ይህንኑ ለብርሃን አደረገው፤ የብርሃኗ ቁና በኋላ ፎቶን ተባለች። በ1927 ደግሞ ሃይዘንበርግ የተባለው መጣና፣ ጥንድ ሆነው የሚሄዱ ነገሮች አሉ፤ አንዱን አጥብቀህ ባወቅኸው መጠን ሁለተኛው ይላላብሃል አለ። ይህ የመሣሪያ ጉድለት አይደለም። የነገሩ ጠባይ ነው።

ብርሃንም እንዲሁ ጥንድ ባሕርይ አለው። የሌዘር ብርሃን እንኳ፣ ያ ቀጥ ብሎ የሚሄደው፣ ውስጡ ሲታይ ይዋዥቃል። መብራቱን አጥፍተህ ጨለማ ብታደርገው እንኳ መዋዠቁ ፈጽሞ አይጠፋም። እንግዲህ ሊቃውንቱ ያሰቡት ብልሃት ይህ ነው፤ መዋዠቁን ማጥፋት ካልተቻለ ከአንዱ ጎን ገፍቶ ወደ ሌላው ጎን ማስኬድ። እንዲህ ያለው ብርሃን «የተጨመቀ ብርሃን» ይባላል። በቤተ ሙከራ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካ ቤል ላቦራቶሪ ነው።

ፍስሐ ካሳሁን ደጋግመው የተመለሱበት ጥያቄ ይህን ብርሃን የሚያመነጨው ባለ ሦስት ደረጃ ሌዘር ነው። አቶሙን ሦስት መወጣጫ እንዳለው መሰላል አስቡት። ከላይኛው ወደ መካከለኛው፣ ከመካከለኛው ወደ ታችኛው ሲወርድ ሁለት ፎቶን ይለቃል። አቶሙን መጀመሪያውኑ ከላይም ከታችም ያለ አድርገው ካሰናዱት (የኳንተም ዓለም ይህን ይፈቅዳል) የሚለቃቸው ሁለቱ እንደ መንታ ይተዋወቃሉ፤ ከዚያ መተዋወቅ የተጨመቀው ብርሃን ይገኛል። ምን ያህል ተጨመቀ? ከውጭ ሌላ ብርሃን ቢጨመርበትስ? ይህ ሁሉ በወረቀትና በእርሳስ የሚሰላ ነው።

* * *

ቤተ ልሔምን የማያውቅ የቤተ ክህነት ሰው የለም፤ የከተማ ሰው ግን ስሙን ሲሰማ ኢየሩሳሌም አጠገብ ያለውን ነው የሚያስበው። የእኛው ቤተ ልሔም ጋይንት ነው፤ የድጓ ማስመስከሪያ ነው። የቅዱስ ያሬድን ድጓ የተማረ ሰው የትም ይማር የት፣ «ዐወቅሁ» ለማለት ወደዚህ ይመጣል። ድጓውን ይዞ፣ ዜማውን በቤቱ ዜማ አርሞ፣ ሲመሰከርለት ብቻ ሄዶ ወንበር ይዘረጋል።

ቤተ ክርስቲያኑም የራሱ ምሥጢር አለው። ከውጭ ሲታይ እንደማንኛውም የገጠር ደብር ክብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1955 ቶማስ ፓኬንሃም የተባለ ወጣት እንግሊዛዊ እዚህ ደርሶ ወደ ውስጥ ሲገባ፣ በክቡ ሣር ክዳን ሥር በጥርብ ድንጋይ የታነፀ አራት ማዕዘን ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አገኘ። አገሬው ሁልጊዜም ያውቀው ነበር፤ ለፓኬንሃም ግን ግኝት ሆነለት፤ በመጽሐፉም ጻፈው።

እኔ ወደዚህ ቦታ የመጣሁት በዐሥር ዓመቴ ነው። አጎቴ፣ ያባቴ ታናሽ ወንድም፣ ድጓ ተማሪ ነበርና «ልጁን እኔ ላስተምረው» ብሎ ወሰደኝ። ደበሎ ለበስኩ፤ አኩፋዳ አነገትኩ፤ በየመንደሩ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልኩ ከውሻ ጋር ታገልኩ። የቀኑስ ይሁን። የከበደኝ የሌሊቱ ነበር። በጨለማ ተቀምጠህ ከቃል ትቀበላለህ፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ የኔታ ጋቢያቸውን ተከናንበው የተኙ ይመስላሉ። አራት ተማሪ በአራት አቅጣጫ ሲያዜም፣ ከመካከላቸው አንዱ አንዲት ርክርክ የሳተ እንደሆነ ከተከናነቡበት «ተመለስ!» ይላሉ።

ስድስት ወር ቆየሁ። ጾመ ድጓ ጀምሬ ነበር። አንድ ቀን የኔታ «የፊታችን እሑድ ያለፈውን ትሰማለህ» አሉኝ፤ እሰማለሁ ማለት በፊታቸው ቆሜ የተማርኩትን አዜማለሁ ማለት ነው። ዓርብ ሌሊት ተነሥቼ ወደ እናቴ ቤት ጠፋሁ። ብርዱንና ረሃቡን ምክንያት አድርጌ ነገርኳት። እናቴ አለቀሰች፤ ነፋስ መውጫም ዘመናዊ ትምህርት ቤት አስገባችኝ። አጎቴ ግን ቀረ። ድጓውን በብራና ላይ በእጁ ጽፎ፣ ተመስክሮለት፣ መሪጌታ ተብሎ፣ እስከ ዕለተ ሞቱ ሲያስተምር ኖረ።

* * *

ሙት ዓመቱ ከወጣ በኋላ የደብሩ የኔታ ካሉበት ጎጆ ገባሁ። ሽማግሌ ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል። «የመሪጌታ ወንድም ልጅ አይደለህ?» ብለው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ያን ፎቶ ኮፒ እጄ ላይ አዩትና «ምን መጽሐፍ ነው?» አሉ።

«ስለ ብርሃን የሚያስተምር ነው፣ የኔታ።»

«ማን ጻፈው?»

«አዲስ አበባ የሚያስተምሩ ሰው ናቸው። የአገራችን ሰው።»

ተቀበሉኝና ወደ በሩ ብርሃን አስጠግተው ገለጥ ገለጥ አደረጉት። ቀመር በቀመር ላይ ነው። «ምልክቱ ከቃሉ በዛ» አሉ።

ለድጓ መምህር ምልክት ቀላል ነገር አይደለም። ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ደረት እየተባሉ ከቃሉ በላይ የሚጻፉት የዜማ ምልክቶች ናቸው፤ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን እንደ ሠሯቸው ይነገራል። ከዚያ በፊት ሁሉም በቃል ነበር። አንዲት ጭረት ቦታዋን ብትስት ዜማው ሌላ ይሆናል።

«ምን ይላል?» አሉኝ።

ጨነቀኝ። ሃያ ስምንት ዓመት ያስተማርኩት ክፍል ሁሉ እንዲህ አላስጨነቀኝም። በመጨረሻ «ስልቻ በሉት» አልኳቸው። «ጢም ብሎ የተሞላ ስልቻ። በዚህ በኩል ቢጫኑት በዚያ በኩል ያብጣል። የሞላበት ነገር ከስልቻው አይወጣም። ብርሃንም እንዲሁ ነው፤ ሁከት አለበት፤ ሁከቱን ማውጣት አይቻልም፤ ግን ከአንዱ ጎን መግፋት ይቻላል። የመጽሐፉ ነገር ይህ ነው።»

አሰቡ። «ወዲያ ካበጠማ ምን ረባ?»

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እኔም የማውቀውን ነገርኳቸው። አሜሪካ ውስጥ ላይጎ የሚባሉ ሁለት መመልከቻዎች አሉ። እያንዳንዳቸው አራት አራት ኪሎ ሜትር የሚረዝሙ ሁለት ክንዶች አሏቸው። በክንዶቹ ውስጥ ብርሃን እየተመላለሰ፣ ከሩቅ ሰማይ የሚመጣው የስበት ሞገድ መስታወቶቹን ምን ያህል እንዳነቃነቀ ይለካል። መነቃነቁ ከአቶም እምብርት እጅግ ያነሰ ነው። የመጀመሪያውን ሞገድ በመስከረም ወር 2015 እ.ኤ.አ. አገኙ። ከዚያ ወዲህ የከለከላቸው የብርሃኑ የራሱ መዋዠቅ ነበር። በ2019 እ.ኤ.አ. በሁለቱም ላይ የተጨመቀ ብርሃን አስገቡበት፤ የሚያዩበት ጎን ሰከነ፤ ከበፊቱ አርቀውም አዩ። ያበጠው ለማይፈልጉት ጎን ተተወ።

«እህ» አሉ የኔታ። መጽሐፉን መለሱልኝ። ከዚያ፣ እንዲያው ለጨዋታ ያህል፣ «የዚህ ትምህርት ማስመስከሪያው የት ነው?» አሉ።

ሳላስብ «ውጭ አገር ነው፣ የኔታ» አልኩ።

«እንግዲያ እኒህ መምህር አዲስ አበባ ተቀምጠው ምን ያደርጋሉ?»

መልስ አልነበረኝም። ተማሪዎች ገቡና ነገሩ በዚያው ቀረ።

* * *

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ከጎጆዎቹ በኩል ዜማው ይመጣል፤ አንዱ ያነሣል፤ ሌላው ይቀበላል። በመካከሉ «ተመለስ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አርባ ዓመት ያለፈው ነገር ትናንት መሰለኝ።

ስለ ኳንተም ያለኝ ታሪክም ከዚሁ ጋር አንድ መሆኑን ያወቅሁት ያን ሌሊት ነው። አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ስማር ኳንተም ሜካኒክስን ወድጄው ነበር። ፈተናውን «ሲ» አመጣሁ። «ሲ» መጥፎ አይደለም፤ ያልፋል። ተመርቄ ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት የማስተርስ ማመልከቻ ወስጄ ሞላሁት። ሦስት ቀን በኮቴ ኪስ ይዤው ዞርኩ። በአራተኛው ቀን ቀደድኩት። ለእናቴ ገንዘብ መላክ ስላለብኝ ነው ብዬ ለራሴም ለሰውም ነገርኩ። እውነት ነው፤ እልክ ነበር። ግን የቀደድኩት ለዚያ አልነበረም።

ዓርብ ሌሊት ከቤተ ልሔም የጠፋሁትም ለብርዱ አይደለም። ብርዱን ስድስት ወር ችዬዋለሁ። የጠፋሁት እሑድ ስለሚመጣ ነው። ሁለቱንም ጊዜ ያሸሸኝ አንድ ነገር ነው፤ እንደማልችል እንዳይመሰከርብኝ። ያልተፈተነ ሰው «ጊዜው አልነበረም» ማለት ይችላል። የተፈተነ ሰው ይህን ማለት አይችልም። ለእህቴ ልጅ «ባንኩን ያዢ» ስላት የመከርኳት እሷን አልነበረም፤ ለራሴ ጥብቅና ቆሜ ነበር።

* * *

አዲስ አበባ ስመለስ በቀጥታ ወደ እህቴ ቤት ሄድኩ። ልጅቷ በአዲስ ሸሚዝ፣ አንገቷ ላይ የባንክ መታወቂያ አንጠልጥላ አገኘኋት። «ቀኑ አለፈ ሲሉ ፈረምኩ» አለችኝ። እናቷ ደስ ብሏታል፤ ዶሮ ተሠርቷል። ምን እላለሁ? መጽሐፉን መለስኩላትና በጆሮዋ «ያልኩሽን ትቼዋለሁ» አልኳት። ሣቀች፤ ሣቋ ግን የደስታ አልነበረም።

የየኔታ ጥያቄ አልለቀቀኝም። ምን ያደርጋሉ? ትምህርት ቤታችን ባለው ኮምፒውተር እየተቀመጥኩ የፍስሐ ካሳሁንን ጽሑፎች አንድ በአንድ ፈለግሁ። እ.ኤ.አ. በ1998 «ኦፕቲክስ ኮሚዩኒኬሽንስ» በተባለው መጽሔት ከሌላ ሰው ጋር ያወጡት አለ። በ2001 «ፊዚካል ሪቪው ኤ» በተባለው የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር መጽሔት ላይ ስለ ባለ ሦስት ደረጃ ሌዘርና ስለ ተጨመቀ ብርሃን የጻፉት አለ። በ2006 ከኢዮብ አለባቸው ጋር ያወጡት አለ። በ2014 ደግሞ ሁለተኛ መጽሐፋቸውን አወጡ፤ የብርሃንን የኳንተም ትንታኔ እንደገና አጥርቶ የሚያቀርብ ነው።

እንዲህ ያለው መጽሔት ጽሑፍ ሲላክለት ዝም ብሎ አያትምም። ለማይታወቁ ሊቃውንት ይሰጣል፤ እነሱም ስሌቱን ይመረምራሉ፤ ከሳተ «ተመለስ!» ይላሉ። እንግዲህ ማስመስከሪያው አንድ ቦታ አይደለም፤ አሜሪካም አይደለም። አራት ኪሎ የተሠራ ስሌት በፖስታ ሄዶ ሊመሰከርለት ይችላል፤ ተመስክሮለታልም። ለኔታ የሰጠኋቸው መልስ ስሕተት ነበር።

ከዚያው ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ክፍል አድራሻ በ2006 እ.ኤ.አ. ገደማ የወጡትን ስሞች ተከተልኩ። ስንታየሁ ተስፋ በዲላ ዩኒቨርሲቲ ሆነው ጥናት ማውጣታቸውን ቀጠሉ፤ በ2020 እ.ኤ.አ. ስለ ኳንተም ኦፕቲክስ የጻፉት መጽሐፍ በታዋቂው ሽፕሪንገር ታተመ። ብርሁ ተክሉ ወደ ጣልያን፣ ቆይተውም አቡ ዳቢ ወዳለው ኸሊፋ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። ኢዮብ አለባቸው ወደ አሜሪካ ተሻግረው ከቴክሳስ እስከ ካሊፎርኒያ ተመራመሩ፤ ቀጥሎም ሪጌቲ በተባለው የኳንተም ኮምፒውተር ኩባንያ ገቡ። በዚያ የሚሠራው ማሽን ከፍጹም ዜሮ በላይ በዲግሪ መቶኛ ገደማ ብቻ በሚሆን ቅዝቃዜ ውስጥ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ዑደት ነው። የጋይንት ብርድ ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ምድጃ ነው።

«ሄዱብን» ማለት ቀላል ነው። ቤተ ልሔምም ቢሆን የሚመሰክረው ለሚሄድ ሰው ነው፤ ተመስክሮለት እዚያው የሚቀር ጥቂት ነው። ልዩነቱ ግን አለ፤ ልሸፍነው አልፈልግም። ከቤተ ልሔም የወጣው በሄደበት ወንበር ዘርግቶ የቤተ ልሔምን ዜማ ያስተምራል፤ የእሱም ተማሪ ተራው ሲደርስ ወደ ቤተ ልሔም ይመጣል። ከአራት ኪሎ ወጥቶ ካሊፎርኒያ የቀረውን ሰው ተማሪ ወደ አራት ኪሎ የሚያመጣው ምንድነው? ስሌቱ እዚህ ተሠርቶ መሣሪያው ሌላ አገር ሲተከል፣ መንገዱ የመሄጃ ብቻ ይሆናል። የመመለሻው መንገድ ወንበሩ እንዳይታጠፍ የሚያደርግ ሰው ይፈልጋል። እኒያ መምህር አዲስ አበባ ተቀምጠው ያደረጉት ይህን ይመስለኛል።

* * *

በመጋቢት 2012 ኮሮና ገባ። የልጅቷ ባንክ ሠራተኛውን በፈረቃ አደረገው። በሐምሌ ወር አንድ እሑድ ቤቴ መጥታ ሦስት ደብተር ጠረጴዛዬ ላይ ቆለለች።

«ምንድነው?»

«መጽሐፉ ነው። ‹እንዲህ ሆኖ ይገኛል› ብሎ የዘለለውን ሁሉ ሠራሁት።»

ገለጥኩት። ከጫፍ እስከ ጫፍ ስሌት ነው። አጎቴ ድጓውን የጻፈበት ብራና ትዝ አለኝ። እሱም ያወቀው እየጻፈ ነበር። ለማረም ሞከርኩ፤ አምስተኛው ገጽ ላይ ጠፋብኝ። ሃምሳ ዓመት ያለፈው ሰው ነኝና ይህን ማለት አላፈርኩም፤ «እኔ ልመሰክርልሽ አልችልም። የሚችል ዘንድ እንሂድ።»

አራት ኪሎ ይዣት ሄድኩ። ያገኘናቸው መምህር ስማቸው እንዲጠራ አይፈልጉም። በአፍና አፍንጫ መሸፈኛቸው ላይ መነጽራቸው እየተደፈነ ለረጅም ጊዜ አነበቡ። ልጅቷ ቆማ ነበር፤ «ተቀመጪ» ስትባልም አልተቀመጠችም። እኔ ውጭ ልጠብቃችሁ ብዬ ልወጣ ፈለግሁ። እግሬ ያን ዓርብ ሌሊት አስታወሰ። ቆየሁ።

በመጀመሪያው ደብተር ሦስተኛ ገጽ ላይ እስክሪብቶ አነሡና አንዲት ነገር ከበቡ። «እዚህ ጋ የመቀነስ ምልክት ጠፍቷል። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ እሷን ተከትሎ ተሳስቷል። ተመለሺ» አሉ። ልጅቷ ዓይኗ እንባ አቀረረ። መምህሩ ግን አልጨረሱም፤ «ከዚህ ጀምረሽ ስታርሚው አምጪልኝ» አሉ።

በሁለት ሳምንት አርማ አመጣች። በተከታዩ ዓመት ባንኩን ለቅቃ ገባች። እህቴ ለሁለት ወር አኩርፋኝ ነበር።

* * *

ከዚያ ወዲህ ቤተ ልሔም አልሄድኩም። በነሐሴ 2013 ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ድረስ ደረሰ፤ ከዚያም በኋላ መንገዱ እንደ ልብ አልሆነም። የኔታ በሕይወት መኖራቸውን አላውቅም። ዕዳዬ ግን አለ፤ «ምን ያደርጋሉ?» ላሉኝ መልስ አልሰጠሁም።

የእህቴ ልጅ አሁን ክፍለ ሀገር ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች። የምታገኘው ባንክ ብትቆይ ከምታገኘው ያንሳል። ቤት ተከራይታ፣ አልፎ አልፎም ከእኔ ተበድራ ትኖራለች። እህቴ እስከ ዛሬ «እንጀራ ሆነ?» ትለኛለች፤ ሆነ ብዬ አልዋሻትም።

በመስከረም 2018 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ አንድ ማታ ደወለችልኝ። የተባበሩት መንግሥታት 2025 እ.ኤ.አ.ን የኳንተም ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዓመት ብሎ ሰይሞት ነበር፤ የዓመቱን የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ጆን ክላርክ፣ ሚሼል ዴቮሬና ጆን ማርቲኒስ ያን ዕለት ተሸለሙ። በእጅ በሚያዝ የኤሌክትሪክ ዑደት ላይ የኳንተምን ጠባይ በማሳየታቸው ነው።

«ጋሼ፣ ማርቲኒስን ታውቀዋለህ?»

«ዛሬ በዜና ሰማሁት።»

«እ.ኤ.አ. በ2015 ‹ፊዚካል ሪቪው ኤ› ላይ ሦስት ሰዎች ያወጡት ጽሑፍ አለ። የኳንተም ኮምፒውተርን ውጤት በፍጥነት ስታነብ ኃይሉ በንባቡ በኩል እንዳያፈስ ስለሚያደርግ ማጣሪያ ነው። ማርቲኒስ ሁለተኛው ጸሐፊ ነው። መጀመሪያ የተጻፈው ስም የማን እንደሆነ ገምት።»

ገመትኩ። የኢዮብ ነው።

ትንሽ ዝም አልን። ከበስተጀርባዋ ወረቀት ሲገለጥ ይሰማኛል። ስለ ሽልማቱ ብዙ ላወራት ፈልጌ ነበር፤ ስለ የኔታ ጥያቄም፣ ስላልሰጠሁት መልስም።

«ልዝጋው ጋሼ» አለችኝ፤ «ሦስት ልጆች ደብተር አምጥተውልኛል። እያረምኩ ነው።»